መኪናው የት ይቁም?

የዕረፍት ወራት በቀረበ ቁጥር በተማሪዎችና በወጣት የመንግሥት ሠራተኞች መካከል ሳይነሣ የማይቀር አንድ ጨዋታ አለ፤ ይኸውም «ዘንድሮ ወዴት እንሂድ?» የሚለው ነው። አንዱ ላንጋኖን ያነሣል፤ ሁለተኛው ሐዋሳን ያመሰግናል፤ ጥቂት ገንዘብ ያጠራቀመው ደግሞ ዛንዚባርን ይጠራል። ከነዚህ ሁሉ መካከል ግን በቅርቡ ወደ ጆሯችን ገብቶ ከሐሳባችን ያልወጣው የላሙ ስም ነው። ላሙ በጎረቤታችን በኬንያ ጠረፍ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የምትገኝ ደሴት ናት። ሰው ከሩቅ አገር ገንዘቡን ከፍሎ ወደ እርሷ የሚጓዘው እዚያ ስላለው ነገር ብቻ አይደለም፤ እዚያ ስለሌለውም ነገር ነው። የሌለውም መኪና ነው።

ይህን ጨዋታ የያዝነው ግን በባሕር ዳርቻ ተቀምጠን አልነበረም። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር፣ በሐብሩ ወረዳ በምትገኘው በውርጌሳ፣ በአንዲት ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ነበር። ከእኛ ጋራ የነበሩት ሁለት መምህራንና አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ናቸው። ለሥራ ናይሮቢ የተቀመጠ የትምህርት ቤት ጓደኛችን ላሙን ጎብኝቶ የጻፈልንን ስናጫውታቸው አንደኛው መምህር በጣም ሣቀና፣ «መኪና የሌለበትን መንደር ለማየት ገንዘብ የሚከፍል ሰው ካለማ ወደኛ ይምጣ፤ ከአስፋልቱ ግማሽ ቀን ወደ ተራራው ገባ ቢል፣ መኪና ደርሶበት የማያውቅ መንደር በነጻ እናሳየዋለን» አለ። ሁላችንም ሣቅን። ሻዩን የሚያቀርቡልን እናት ግን አልሣቁም። ብርጭቆውን እያነሡ ወደ ጎዳናው አመለከቱና፣ «መኪናስ ሞልቷል ልጆቼ፤ የሚወርድ ሰው ነው የጠፋው» አሉ።

መምህሩ የተናገረው ቀልድ ነው፤ እናቲቱ የተናገሩት ደግሞ ብሶት ነው። ነገር ግን ሁለቱ ንግግሮች በአንድ ላይ ሲታሰቡ ብዙ ወጣት ሠራተኞች በጠረጴዛቸው ላይ ሊያገኙት የሚችሉትን አንድ ትልቅ ጥያቄ ያስነሣሉ። መኪና ለአንድ መንደር እንጀራ የሚያመጣው እስከ ደጁ ሲገባለት ነው፣ ወይስ በተገባው ቦታ ሲቆምለት ነው?

የሚያልፍና የሚቆም

ውርጌሳ የመንገድ ልጅ ናት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ በኩል ወደ ሰሜን የሚዘልቀው ጎዳና በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመኪና እንዲመች ሆኖ ከተሠራ ወዲህ፣ በዳሩ የተሰለፉት ከተሞች ሁሉ ኑሯቸውን ወደ ጎዳናው አዙረዋል። በደቡብ በኩል በ1881 ዓ.ም. የታወቀው ውል የተፈረመባት ውጫሌ፣ በሰሜን በኩል በፍራፍሬዋ የምትታወቀው መርሳ አሉ፤ ውርጌሳም በመካከል ናት። የቤቶቹ በር ወደ አስፋልቱ ነው፤ የሱቁ መስኮት ወደ አስፋልቱ ነው፤ ልጆቹ እንኳ ዘንቢላቸውን ይዘው የሚቆሙት ፊታቸውን ወደ አስፋልቱ መልሰው ነው። አንድ አውቶቡስ ፍጥነቱን ሲቀንስ የታየ እንደ ሆነ ፍራፍሬ የያዘው ሁሉ ወደ መስኮቱ ይሮጣል። ረዳቱ በሩን ከፍቶ አንድ መንገደኛ ያወርዳል፤ ሾፌሩ ግን ሞተሩን አያጠፋም። ሂሳቡ ገና ሳያልቅ መኪናው ይንቀሳቀሳል፤ ሻጩም መልሱን ለመስጠት ከመስኮቱ ጋራ ጥቂት ይሮጣል። ገበያው ይህ ነው።

ሻያችንን እስክንጨርስ ድረስ ጎዳናውን ስንመለከት ቆየን። አይሱዙው፣ ሲኖትራኩ፣ ሚኒባሱ ተራ በተራ አለፈ። ካለፉት የቆሙት ጥቂቶች ናቸው፤ ከቆሙትም ውስጥ ሰው ወርዶ አንድ ብርጭቆ ሻይ የጠጣባቸው ከዚያ ያነሱ ናቸው። ነገሩን ስናስተውለው፣ መንገዱ በተሻለ መጠን የሚያልፈው ይበዛል፤ የሚቆመው ግን ያንሳል። ዱሮ ጎዳናው ኮረኮንች በነበረበት ጊዜ፣ ከደሴ እስከ ወልድያ ያለውን 120 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የሚሄድ ሰው በየከተማው ወርዶ አቧራውን ያራግፍ፣ ምሳውን ይበላ ነበር። ዛሬ ቁርሱን ደሴ በልቶ ምሳውን ወልድያ ይበላል። ይህን ስንል መጥፎ መንገድ ይሻላል ማለታችን አይደለም። በምጥ የተያዘችን ሴት ወደ ሐኪም ቤት የሚያደርሰውን መንገድ የሚጠላ ልብ የለንም። የምንለው መንገድ ብቻውን ለመንደር ምግብ አይሆንም ነው። የሚያበላው የሚወርደው ሰው ነው እንጂ የሚያልፈው ጎማ አይደለም።

መኪና ከናካቴው ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ደግሞ ውርጌሳ አይታዋለች። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ በመጣ ጊዜ ውርጌሳና አካባቢዋ የጦር ግንባር ሆኑ፤ ከዚያ እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስ በነበሩት ወራት ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ፣ ልጁን አዝሎ በእግሩ ወደ ደቡብ ተሰደደ። ያን ጊዜ መንገደኛ የሚያወርድ አውቶቡስ በዚያ ጎዳና ላይ አልነበረም። የነበረው ጸጥታ ግን ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚመጣበት ጸጥታ አልነበረም። ስለዚህ መኪና የጠፋበት መንደርና መኪና የሚቆምለት መንደር አንድ አይደሉም፤ መምህሩ በቀልድ ያነሣው የተራራ መንደርም መንገድ ያላገኘ ነው እንጂ መኪናን ከደጁ ያቆመ አይደለም። ፊተኛው የችግር ውጤት ነው፤ ሁለተኛው የሰላምና የምርጫ ውጤት ነው። በጽሑፋችን ሁሉ ይህ ልዩነት እንዳይረሳ አንባቢዎቻችንን አደራ እንላለን።

የመጨረሻዪቱ ኪሎ ሜትር

ጓደኛችን እንደ ጻፈልን፣ ከናይሮቢ በአውሮፕላን ወደ ላሙ የሚሄድ ሰው የሚያርፈው በላሙ ላይ አይደለም፤ ፊት ለፊቷ ባለችው በማንዳ ደሴት ላይ ነው። ከአውሮፕላኑ ሲወርድ ታክሲ አይጠብቀውም። ሻንጣውን በእጅ ጋሪ የሚገፋ ሰው ይቀበለዋል፤ እርሱም እስከ ጀልባው ማቆሚያ በእግሩ ይሄዳል፤ ከዚያም በጀልባ ይሻገራል። ላሙ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ተሸካሚ ወይም አህያ የሚነዳ ልጅ ይጠብቀዋል። የከተማዪቱ የውስጥ መንገዶች ሁለት የተጫኑ አህዮች ቢገናኙ አንደኛው ሌላውን ቆሞ ማሳለፍ እስኪኖርበት ድረስ ጠባብ ናቸው። ቤቶቹ ከኮራል ድንጋይ የተሠሩ፣ በሮቻቸውም በተቀረጸ እንጨት ያጌጡ ናቸው። ዩኔስኮ ይህችን አሮጌ ከተማ በ1994 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሲጽፋት፣ በምሥራቅ አፍሪካ ካሉት የስዋሂሊ ሰፈሮች ሁሉ ዕድሜዋ የረዘመና በደንብ የተጠበቀች ናት ብሎ ነው። ከከተማዪቱ በእግር አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ሸላ የምትባል የዳርቻ መንደር አለች፤ ወደ 12 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው አሸዋ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የአገር ጎብኚውም ልብ ያለው በዚህች መንደር ነው።

እንግዲህ ሂሳቡን እንያዘው። የአውሮፕላኑ ዋጋ ለባለ አውሮፕላኑ ነው፤ የመኝታውም ዋጋ ለባለ ሆቴሉ ነው። ሁለቱም ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ከአውሮፕላኑ እስከ መኝታው ባለችው በመጨረሻዪቱ ኪሎ ሜትር ላይ ግን ጋሪ የገፋው፣ ጀልባ ያሻገረው፣ አህያ የነዳው፣ መንገድ ያሳየው፣ ደክሞት ለተቀመጠው እንግዳ ጭማቂ የሸጠችው፣ ሁሉም ከእንግዳው ኪስ ድርሻውን ያገኛል። ይህ ገንዘብ ሌላ ሀብት ለሌለው፣ ጉልበቱና አገሩን ማወቁ ብቻ ሀብቱ ለሆነ ለመንደሩ ልጅ የሚደርስ ነው። መኪና እስከ ሆቴሉ በር ቢገባ ኖሮ ይህ ሁሉ ድርሻ ለአንድ ሾፌርና ለአንድ ቤንዚን ሻጭ በሆነ ነበር። እንግዳውም ከመስኮቱ ውጭ ማንንም ሳያይ፣ ማንንም ሳያናግር ይገባ ነበር።

ይህ ነገር ከድኅነት የመጣ ነው የሚል ሰው ቢኖር ወደ አሜሪካ ይመልከት። ዲትሮይት የተባለችው የመኪና ፋብሪካ ከተማ ባለችበት በሚቺጋን ግዛት ውስጥ ማኪናክ የምትባል ደሴት አለች። የደሴቲቱ መንደር መኪናን የከለከለው መኪና ገና ብርቅ በነበረበት በ1890 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬም እንግዳ የሚዘዋወርባት በእግሩ፣ በፈረስ ጋሪና በብስክሌት ነው። አምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪና ግን አልተከለከሉም። መኪና የሚሠራ አገር መኪና የማይገባበትን ስፍራ መርጦ ካቆየ፣ ነገሩ የድኅነት ሳይሆን የማስተዋል መሆኑ ግልጽ ነው።

ላሙን ገነት አድርገን ለማሳየት ግን አንፈልግም። የሸላ ጸጥታ በተወደደ ጊዜ ከውጭ አገር የመጡ ባለጸጎች ቤቶቹን እየገዙ ሄደዋል፤ የአገሩ ልጅም አያቱ በኖሩበት ሰፈር ቤት መግዛት አቅቶታል። አህዮቹ ከመጠን በላይ ተጭነው የሚታመሙ በመሆናቸው እነርሱን በነጻ የሚያክም ድርጅት እዚያ ከተቋቋመ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሞተር ብስክሌትም ወደ ደሴቲቱ ገብቶ በነዋሪዎቹ መካከል ክርክር አስነሥቷል። ከሁሉ የከፋው ግን በ2004 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በጠረፉ ዳር የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች በታጣቂዎች ተጠልፈው ከተወሰዱ በኋላ የሆነው ነው። የብዙ መንግሥታት ዜጎች ወደዚያ እንዳይሄዱ ተመከሩ፤ አልጋውም ጀልባውም ባዶውን ቀረ። በ2006 ዓ.ም. ሰኔ ደግሞ በዚያው አውራጃ በምፔኬቶኒ ከተማ ብዙ ሰው ተገደለ። አሸዋው በቦታው ነበር፤ ባሕሩም አልደረቀም፤ ሰላም ሲጠፋ ግን እንግዳ አልመጣም። ይህን ትምህርት ለእኛ የሚያስረዳን ሌላ ሰው አያስፈልገንም።

የእኛ ጭነት በላሙ ደጅ

ላሙን የሩቅ አገር ወሬ አድርጎ የሚያነብ ሰው ካለ አንድ ነገር እናስታውሰው። በ2004 ዓ.ም. የካቲት በላሙ ጠረፍ የአዲስ ወደብ መሠረት ሲጣል፣ ከኬንያና ከደቡብ ሱዳን መሪዎች ጋራ የእኛም ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ተገኝተው ነበር። ዕቅዱ ወደቡን ከደቡብ ሱዳንና ከኢትዮጵያ ጋራ በመንገድ፣ በባቡርና በነዳጅ ቧንቧ ለማገናኘት ነው፤ የዕቅዱም ስም የአገራችንን ስም የያዘ ነው። የመጀመሪያው የመርከብ መቆሚያ በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ሥራ ጀመረ። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር የሌላት አገራችን አማራጭ ወደብ መፈለጓ ተገቢ ነው፤ ማንም አይነቅፈውም።

ነገር ግን ይህ ወደብ የሚሠራው በዚያች መኪና በሌለባት ደሴት አጠገብ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ የዓሣው መራቢያ ተቆፈረብን፣ ሥራችንም ተቋረጠ ብለው ተካሰሱ። በ2010 ዓ.ም. ሚያዝያ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከ1.7 ቢሊዮን ሽልንግ በላይ ካሣ እንዲከፈላቸው ፈረደላቸው፤ ነዋሪው አስቀድሞ በሚገባ አልተጠየቀም፣ ባሕሉና አካባቢውም በሚገባ አልታሰበለትም አለ። በ2011 ዓ.ም. ሰኔም በዚያው አካባቢ ሊሠራ የታሰበው የድንጋይ ከሰል የኤሌክትሪክ ጣቢያ ፈቃድ በአካባቢ ጥበቃ ዳኞች ተሠረዘ።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ልማት ይቁም የሚል አይደለም። ከባዱ መኪና የት ድረስ እንደሚመጣና የት እንደሚቆም ነዋሪው አስቀድሞ ሳይጠየቅ የተጀመረ ሥራ፣ ኋላ በፍርድ ቤት ብዙ ዋጋ ያስከፍላል የሚል ነው። መስመሩን በካርታ ላይ ማስመር በእርሳስ ነው፤ ከተሠራ በኋላ ማስተካከል ግን በቢሊዮን ነው።

በደጃችን ያለው ሐይቅ

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ምጽዋና ዳህላክ ዛሬ በሌላ አገር ናቸው፤ ውቅያኖስ የለንም። ደሴትና የውሃ ዳርቻ ግን አላጣንም። በጣና ላይ መኪና የማያውቃቸው ብዙ ደሴቶች አሉ፤ ከሁሉ ሰፊዪቱ ደቅ ናት። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ የምትገኘው ከእርሷ ጋራ ነው። የደንገል ታንኳውም ዛሬ ድረስ ከውሃው ላይ አልጠፋም። በደቡብ ምዕራብ ሸዋ ያለችው ወንጪ ደግሞ ለዛሬው ነገራችን ጥሩ ምስክር ናት። እንግዳ መኪናውን በአፋፉ ላይ አቁሞ፣ ከአካባቢው ገበሬ ፈረስ ተከራይቶ ወደ ሐይቁ ይወርድ፣ ከዚያም በጀልባ ወደ ቂርቆስ ደሴት ይሻገር ነበር። ባለ ፈረሶቹም በማኅበር ተደራጅተው ሥራውን በተራ ይካፈሉት ነበር። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር የዓለም የቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ አድርጎ መረጣት። ከዚያ ወዲህ «ገበታ ለአገር» በተባለው ዕቅድ ያማረ መንገድና ማረፊያ ተሠርቶላታል። መንገዱ ያማረ መሆኑን አንክድም፤ የምንጠይቀው ግን መንገዱ ወደ ታች በወረደ መጠን የባለ ፈረሱ ተራ ወዴት ይሄዳል ብለን ነው።

ለውርጌሳ ሰው ግን ጣናም ወንጪም ሩቅ ናቸው። ቅርቡ ሐይቅ ነው። ከውርጌሳ በሚኒባስ ወደ ደቡብ ውጫሌን አልፎ የሚሄድ ሰው ብዙ ሳይቆይ ወደ ሐይቅ ከተማ ይደርሳል፤ ከደሴም ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሐይቁ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ውሃ ከአርዲቦ ሐይቅ በወንዝ ይወርድለታል፤ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ይህን ነጥብ አንባቢ ልብ ይበልልን፤ መውጫ የሌለው ሐይቅ የገባበትን ዘይትና ቆሻሻ ወደ ሌላ የሚያስተላልፍበት በር የለውም። በአንዳንድ ሐይቆቻችን ዳር መኪና ሲታጠብ አይተናል፤ ይህ ልማድ ወደ ሐይቅ የመጣ እንደ ሆነ ቆሻሻው እዚያው ይቀራል።

በሐይቁ ውስጥ ያለው የእስጢፋኖስ ገዳም የአገር ታሪክ የተጻፈበት ስፍራ ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ በዚያ አስተምረዋል፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከተማሩበት ቦታ አንዱ እርሱ ነው። ገዳሙ ጥንት በደሴት ላይ ነበር፤ ገቢውም ወጪውም በታንኳ ነበር። ኋላ ግን ውሃው ሸሽቶ ደሴቱ ከየብስ ጋራ ተያያዘ፤ ዛሬ በእግር ይደረስበታል። ነገሩን ስናስበው ያስደንቃል። ዱሮ መንገደኛን ከውሃው ዳር የሚያቆመው ተፈጥሮ ራሱ ነበር፤ ታንኳ ቀዛፊውም በዚያ ምክንያት እንጀራ ነበረው። ተፈጥሮ ያን አጥር ካነሣች በኋላ ግን የሚያቆመን የራሳችን ውሳኔ ብቻ ነው።

ይህም ውሳኔ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። ሐይቅ «ገበታ ለትውልድ» በተባለው ዕቅድ ከተመረጡት ስፍራዎች አንዱ ነው። ማረፊያ ሲሠራ መንገድ ይከተላል፤ መንገድ ሲሠራ መኪና ይከተላል፤ መኪና ሲመጣ ደግሞ ማቆሚያ ይፈለጋል። ከሐይቅ ከተማ እስከ ውሃው ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ጤነኛ ሰው እየተጨዋወተ በእግሩ ይጨርሰዋል። ይህች አጭር መንገድ የሐይቅ የመጨረሻዪቱ ኪሎ ሜትር ናት። መኪና እስከ ውሃው አፍ እንዲወርድ ከተደረገ ከአዲስ አበባ የመጣው እንግዳ ምሳውን ይዞ መጥቶ፣ ዓሣውን ከሆቴሉ በልቶ፣ ፎቶግራፉን አንሥቶ በዚያው ይመለሳል። መኪናው ከከተማው ዳር ቆሞ እንግዳው በእግር፣ በፈረስ ጋሪ፣ በበቅሎ ወይም በጀልባ እንዲሄድ ከተደረገ ግን በመንገዱ ላይ ያለው ሁሉ ያገኛል፤ ቡና የምታፈላዋ፣ ቆሮሶውን የሚጠብሰው፣ ጀልባ የሚቀዝፈው፣ የገዳሙን ታሪክ የሚያስረዳው ሁሉ።

ለወሎ ሰው ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም። ለመስከረም 21 ወደ ግሸን የሚወጣው ምእመን፣ ለመውሊድ ወደ ጀማ ንጉሥ የሚጓዘው ሙስሊም፣ ስንት ዘመን በእግሩ ሲሄድ የኖረ ነው። የተከበረ ቦታ ሲደርሱ ከበቅሎ መውረድ የአባቶች ወግ ነበር። የምንለው ይህን ወግ ለሥራና ለገበያ እናውለው ነው።

የሚነሡ ክርክሮች

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሡትን ክርክሮች አናልፋቸውም። አንደኛው «የከተማ ሰው መራመድ አይወድም፤ መኪናው ካልገባለት አይመጣም» የሚል ነው። ይህ ግምት መሆኑን አዲስ አበባ አሳይታለች። በ2011 ዓ.ም. ኅዳር «መንገድ ለሰው» ተብሎ በአንድ እሑድ ጧት ዋና ዋና መንገዶች ለመኪና ሲዘጉ፣ ሕዝቡ ልጁን ይዞ አስፋልቱን ሞላው፤ መኪና የለመደው ሰው ሁሉ በዚያ ቀን እግር እንዳለው አስታወሰ።

ሁለተኛው «አካባቢው ለእንግዳ መዝናኛ ሲባል ወደ ኋላ ይቅር ትላላችሁን?» የሚል ነው። ይህ ከባድ ክርክር ነው፤ ትክክለኛ ጎንም አለው። እህሉን ወደ ገበያ የሚያወጣው ገበሬ፣ ዓሣው ሳይበላሽ ደሴ ማድረስ ያለበት አጥማጅ፣ በሽተኛና ሽማግሌ መንገድ ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ የምንለው መንገድ አይሠራ ሳይሆን፣ የሕዝቡ መንገድና የሽርሽር መኪና መንገድ ይለያዩ ነው። አምቡላንስ በማንኛውም ሰዓት ይግባ፤ የጭነት መኪና በተወሰነ ሰዓት ይግባ፤ መራመድ ለማይችል እንግዳ ጋሪ ይዘጋጅ። ለሽርሽር የመጣው መኪና ግን ከከተማው ዳር ይቁም።

ሦስተኛው ከሁሉ የጠነከረው ነው፤ «በመጀመሪያ ሰላም ይኑር» የሚል ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት መንገደኛን ምን ያህል እንዳስቀረ፣ ጎዳናው ስንት ጊዜ እንደ ተዘጋ፣ የሐይቅም የላሊበላም አስጎብኚ ያውቀዋል። ለዚህ ክርክር መልስ የለንም፤ ልክ ነው። የምንጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰላም ሲመጣ ገንዘብ ያለው ሰው ካርታውን ይዞ ፈጥኖ ይደርሳል፤ ያን ጊዜ የመንደሩ ማኅበርና ደንብ ካልተዘጋጀ የመጨረሻዪቱ ኪሎ ሜትር በአንድ ሳምንት ውስጥ የሌላ ሰው ትሆናለች። የሸላ ልጅ ቤቱን ያጣው በጦርነት ጊዜ አይደለም፤ በገበያው ጊዜ ነው።

በመጨረሻም ወደ ውርጌሳ እንመለስ። ውርጌሳ መኪና የማይገባባት መንደር ልትሆን አትችልም፤ ልትሆንም አይገባትም፤ በአውራ ጎዳና ላይ የተቀመጠች ናት። የላሙ ትምህርት ግን ለእርሷም ይሠራል። መኪናው የሚቆምበት ቦታ ይፈለግላት። ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ ጥላ ያለው፣ ንጹሕ መጸዳጃ ቤትና የሚታጠቡበት ውሃ ያለው፣ ፍራፍሬው በመደብ ላይ ተደርድሮ ዋጋው የሚታይበት አንድ የማረፊያ ስፍራ ቢዘጋጅ፣ ሾፌሩ ሞተሩን ያጠፋል፤ ሕፃን የያዘችው እናት ትወርዳለች፤ ሻጩም ከጎማ ጋራ መሮጡን ይተዋል። ይህ የቢሊዮን ሥራ አይደለም፤ ጥቂት መሬት፣ ጥቂት ቆርቆሮና አንድ ቧንቧ የሚሠራው ነው።

ከበረንዳው ስንነሣ የወረዳው ሠራተኛ ጓደኛችን ዝም ብሎ ጎዳናውን ያይ ነበር። «ለመኪና ማቆሚያ ተብሎ የተያዘ ቦታ በፕላኑ ላይ አለ ወይ?» ብለን ጠየቅነው። «ሰኞ አየዋለሁ» አለን። እኛም አንባቢዎቻችንን፣ ይልቁንም ነገ በየወረዳውና በየከተማው ጽሕፈት ቤት ካርታ የሚቀርብላችሁን ወጣቶች፣ ይህንኑ እንለምናችኋለን። መንገዱ የት እንደሚጀምር ብዙ ሰው ይጠይቃችኋል። የት እንደሚያበቃ፣ ከዚያ ወዲያ ያለችው ኪሎ ሜትርም የማን እንደምትሆን፣ ከመፈረማችሁ በፊት ሰኞ እዩት።